«እህ… ከዚያስ?»፦ እጅ የማያበዙ አጫጭር የትረካ ጌሞች

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሶ፣ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ «ዘ ግሬቭያርድ» የተባለውን ጌም ከፈትኩ። ጥቁርና ነጭ ነው። አንዲት አሮጊት በመቃብር ሥፍራ መሀል ባለ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ከመንገዱ ጫፍ አግዳሚ ወንበር አለ። የተጫዋቹ ሥራ እሷን እዚያ ማድረስ፣ ማስቀመጥ፣ ሲበቃት አስነስቶ መመለስ ነው። ስትቀመጥ በፍላማንኛ አንድ ዘፈን ይሰማል። በቃ፣ ይኸው ነው።

እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ ታያለች። አሮጊቷ ብዙ ስትሄድ ማነከስ ትጀምራለች፤ ጣቴን ከቁልፉ ካላነሳሁ እያነከሰች ትቀጥላለች። «ታርፍ እንጂ! ምን ያጣድፍሃል?» አለችኝ እናቴ። ጣቴን አነሳሁ፤ ሴትዮዋም ቆመች። ወፎቹን ሰማን። ከኋላችን ቆሞ ያይ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ጌም ዞን ውስጥ ኳስ ሲጫወት ያደገ ልጅ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ «እሺ፣ ጌሙ የታለ?» ብሎ ጠየቀ።

የወንድሜ ጥያቄ የዋዛ አይደለም። የጌም ሠሪዎችና ሃያሲዎች ሲነታረኩበት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በእንግሊዝኛው ዓለም ክርክሩ የከረረው ጌም የሚለው ቃል ሲነሳ ማሸነፍና መሸነፍ፣ ሕግና ነጥብ አብረው ስለሚታሰቡ ነው። የእኛ «ጨዋታ» ግን ሰፋ ይላል። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ትልልቆች ቡና ላይ ቁጭ ብለው ይጫወታሉ። «ና ቁጭ በል፣ እንጫወት» የተባለ እንግዳ ካርታ ይወጣል ብሎ አይጠብቅም። ጨዋታ አዋቂ የምንለውም ወግ የሚያሳምረውን ሰው ነው። በዚህኛው ጨዋታ ውስጥ የአድማጩ ድርሻ ትንሽ ናት፦ «እህ»፣ «እሺ»፣ «ከዚያስ?»። ትንሽ ብትሆንም ከቀረች ተራኪው ይቀዘቅዛል። «ተረት ተረት» ያለ አያት «የላም በረት» የሚለው ካላገኘ ተረቱን አይጀምርም።

እዚህ የምዳስሳቸውን ሥራዎች የማያቸው ከዚህኛው ጨዋታ ወገን አድርጌ ነው። ተጫዋቹ ስንት ነገር ያደርጋል ብዬ አልቆጥርም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የምትፈቀድለት ያቺ ትንሽ ድርጊት ታሪኩ ውስጥ ገብታ ትሠራለች ወይስ ገጽ ማገላበጫ ብቻ ናት? (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ ከሥዕል በፊት በጽሑፍ ነበር የተጀመረው። በጽሑፍ ጌም ተጫዋቹ ትእዛዝ ይጽፋል፣ ኮምፒዩተሩ ይተርካል። ለረጅም ጊዜ የእነዚህ ጌሞች ዋና ሥራ እንቆቅልሽ መፍታት፣ ቁልፍ ፈልጎ በር መክፈት ነበር። በ1998 የወጣው «ፎቶፒያ» ግን እንቆቅልሹን ከሞላ ጎደል አስወጣው። አንዲት ልጅ በመኪና አደጋ ትሞታለች። ይህን የምንረዳው ቀስ በቀስ፣ ከተለያዩ ሰዎች ዐይንና ቅደም ተከተሉ ከተፈታ ጊዜ ውስጥ ነው። ተጫዋቹ ምንም ቢጽፍ አያድናትም። ጌሙ በዚያው ዓመት በጽሑፍ ጌም ሠሪዎች ዓመታዊ ውድድር አንደኛ ወጣ።

ከዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ሳም ባርሎው «አይል»ን ይዞ መጣ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀኝ ይህ ነው። ሐሙስ ምሽት ነው። አንድ የደከመው ሰው ሱፐርማርኬት ውስጥ ፓስታ በተደረደረበት መተላለፊያ ቆሟል። እዚያው አጠገብ ጋሪ የምትገፋ ሴት አለች። ተጫዋቹ አንድ ትእዛዝ፣ አንዲት ብቻ ይጽፋል፤ ታሪኩም ያልቃል። ፓስታውን ውሰድ ማለት ይቻላል፤ ሴትዮዋን አነጋግር፣ አልቅስ፣ ወደ ቤት ሂድ ማለትም ይቻላል። ከመቶ በላይ መጨረሻዎች አሉት። በአንዱ ሰውየው ሮም ውስጥ የነበረችውን ፍቅረኛውን አስታውሶ ይሰበራል፤ በሌላው ያለፈ ሕይወቱ ራሱ ሌላ ነው። መልሶ መላልሶ የተጫወተ ሰው የሚያገኘው አንድ እውነት ሳይሆን እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ብዙ ሰዎችን ነው፤ ሁሉም ያንኑ የፓስታ መደርደሪያ ያያሉ። አንድ ቃል ጽፎ የሰውን ሕይወት በሙሉ መምረጥ ማለት ይህ ነው።

ከሥዕሉ ወገን መጀመሪያ የማነሳው የ2007 ሥራ ነው። አሜሪካዊው ጄሰን ሮረር ሠላሳ ዓመት ሊሞላው በተቃረበበት ሰሞን «ፓሴጅ»ን ሠራ። ቁመቱ 16 ፒክስል፣ ወርዱ 100 ፒክስል፤ ስክሪኑ መሀል የተጋደመ መቀነት ይመስላል። ጨዋታው ልክ 5 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። አንድ ሰውዬ በግራ ጠርዝ ቆሟል። የሚጠብቀው ዘመን በቀኝ በኩል ደብዝዞ፣ ተጨማምቆ ይታያል። እየሄደ ሲያረጅ ሰውዬው ራሱ ወደ ቀኝ ጠርዝ ይጠጋል፤ አሁን የሚደበዝዘው በግራ በኩል የቀረው ነው። መንገድ መጀመሪያ ላይ አንዲት ሴት አለች። ቢነካት ልብ ትታያለች፤ ከዚያ በኋላ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሁለት ሆነው በጠባቡ መተላለፊያ አይሾልኩም፤ ስለዚህ ለብቻው ቢሆን የሚደርስባቸው የሀብት ሣጥኖች ይቀሩበታል። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ትሞታለች፣ በቦታዋ የመቃብር ድንጋይ ይተካል፣ እሱ ጎብጦ እግሩን መጎተት ይጀምራል፤ ትንሽ ቆይቶ ይከተላታል።

መጀመሪያ ስጫወተው ያስደነገጠኝ ሞቱ አልነበረም። ሣጥን አይቼ፣ ሁለታችን የማንገባበት ጠባብ መንገድ ላይ ቆሜ፣ ቁልፉን ደጋግሜ ስጫን ራሴን ማግኘቴ ነው። ማንም ምንም አልነገረኝም። ንግግር የለበትም፣ ጽሑፍ የለበትም። «ባላገባት ኖሮ» የሚለውን ሐሳብ ያሰበችው ጣቴ ናት። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2012 የመጀመሪያዎቹን 14 ጌሞች ለስብስቡ ሲመርጥ «ፓሴጅ»ን ማካተቱ የሚገባው ነው።

በዚያው 2007 ሮድ ሃምብል በባለ ቀለም አራት ማዕዘኖችና ክቦች ብቻ ስለ ትዳር የሚያወራ ጌም አወጣ። ለእኔ ከስሜቱ ይልቅ ሒሳቡ በዝቶበታል። በ2009 ጣሊያናዊው ፓኦሎ ፔደርቺኒ «ኤቭሪ ዴይ ዘ ሴም ድሪም»ን ሠራ፦ ፊት የሌለው ሠራተኛ ይነሳል፣ ይለብሳል፣ ሚስቱን አልፎ ይወጣል፣ በመኪና ሰልፍ ውስጥ ገብቶ ቢሮ ይደርሳል፤ ነገም እንዲሁ። ከመኪናው ወርዶ ሜዳ ላይ ያለች ላም መዳበስ፣ የምትወድቅ ቅጠል መቅለብ፣ እነዚህን የመሳሰሉ ትንንሽ እምቢታዎች ብቻ ናቸው ቀኑን የሚለውጡት።

ከእነዚህ የሥዕል ጌሞች ቀድሞ ደግሞ በ2003 የኡራጓዩ ጎንዛሎ ፍራስካ «ሴፕቴምበር 12» ነበር። አንድ የመካከለኛው ምሥራቅ የሚመስል ከተማ ከላይ ይታያል፤ ሰዎች ይሄዳሉ፣ ገበያ ይውላሉ፣ ከመሀላቸው የታጠቁ ጥቂቶች አሉ። ለተጫዋቹ የተሰጠው ሚሳይል መተኮስ ብቻ ነው። ሚሳይሉ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ ሲወድቅ ቤትና ንጹሕ ሰው ያጠፋል፤ በሬሳው ዙሪያ ተሰብስበው የሚያለቅሱት ተነሥተው ታጣቂ ይሆናሉ። ማሸነፍ የለም። የሚቻለው አለመተኮስ ነው። እጅን ሰብስቦ መቀመጥ ራሱ ጨዋታ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ያሳየኝ ሥራ የለም።

ጌም ነው አይደለም የሚለው ጭቅጭቅ የተጋጋለው ግን በ«ዲር ኤስተር» ነው። በእንግሊዝ በፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዳን ፒንችቤክ በ2008 ከተኩስ ጌም ላይ ተኩሱን አንሥቶ ቢተወው ምን ይቀራል ብሎ ሞከረ። የቀረው በስኮትላንድ ሄብሪዲስ ውስጥ ያለ ባዶ ደሴት፣ ነፋስ፣ የጄሲካ ከሪ ሙዚቃ፣ እና ለኤስተር የተጻፉ የደብዳቤ ቁርጥራጮችን የሚያነብ ድምፅ ነው። ሩጫ የለም፣ ዝላይ የለም፣ መራመድ ብቻ። በ2012 ታድሶ ለገበያ ሲቀርብ በመጀመሪያው አንድ ቀን ከ16,000 በላይ ቅጂ ተሸጠ። ንቀቱም አብሮ መጣ፤ «ዎኪንግ ሲሙሌተር»፣ የእግር ጉዞ ማስመሰያ፣ የሚል ስድብ እንዲህ ባሉ ጌሞች ላይ ተለጠፈ። ስድቡ ቆይቶ የዘርፍ መጠሪያ ሆነ፤ ዛሬ ሠሪዎቹም ሳያፍሩ ይጠቀሙበታል።

ስድቡ ልክ አይደለም፤ ይሁንና «ዲር ኤስተር»ን ሳልወቅስ አላልፍም። ደሴቱ ያምራል፣ ድምፁ ያባባል፣ ነገር ግን የእኔ መራመድ ለዚያ ለሚያዝን ድምፅ ምኑ እንደሆነ እስከ መጨረሻው አልታወቀኝም። ቆሜም ብሰማው ያው ነው። «ዘ ግሬቭያርድ» ውስጥ የማነከሷ ነገር አለ፦ ቁልፉን መጫን ማስቸኮል ነው፣ መልቀቅ ማሳረፍ ነው። ሁለቱም መራመድ ናቸው፤ አንደኛው ግን «ከዚያስ?» ያስብለናል፣ ሌላው ሳያየን ያወራል። የብሬንደን ቹንግ «ሠርቲ ፍላይትስ ኦቭ ላቪንግ» (2012) ሌላ መንገድ ያዘ። እንደ ፊልም ትዕይንቱን ድንገት እየቆረጠ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ዝርፊያ፣ ፍቅርና ክህደት ያሳልፋል። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ ልቤ ግን አልገባም።

ልብ የገባው «ፍሎረንስ» ነው። በአውስትራሊያ ሜልበርን በኬን ዎንግ መሪነት ተሠርቶ በ2018 በፍቅረኞች ቀን ለስልክ የወጣ ሲሆን ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። አንዲት ወጣት ከሙዚቀኛ ልጅ ጋር ትተዋወቃለች። መጀመሪያ ሲገናኙ፣ የእሷ የንግግር አረፋ የተበታተነ ሥዕል ነው፤ ቁርጥራጮቹን በጣት እየገጣጠምን ነው የምትናገረው። ብዙ ናቸው፤ ጊዜ ይፈጃሉ፤ የመጀመሪያ ቀን ወሬ እንዲያ አይደል? እየተላመዱ ሲሄዱ ቁርጥራጮቹ ያንሳሉ፤ አራት፣ ሦስት፣ በኋላ አንድ ብቻ። አንዲት ቁራጭ ገፋ ስናደርግ ቃሉ ከአፏ ይወጣል፤ መዋደድ ንግግርን እንዴት እንደሚያቀል በቃል ሳይነገር እጃችን ላይ ይቀራል። ከዚያ ጠብ ሲመጣ ቁርጥራጮቹ ሾለው፣ ጠርዛቸው ስለት ሆኖ ይመለሳሉ፤ ቶሎ ካልገጣጠምን የእሱ አረፋ ያስጨንቃል።

ከዚያ ሁሉ የማልረሳው ግን የመደርደሪያው ነው። ልጁ ዕቃውን ይዞ ቤቷ ሲገባ ቦታ ለመስጠት ከእሷ ዕቃዎች አንዳንዱን አንሥተን ሣጥን ውስጥ እናደርጋለን። የእሷ የቱ ይነሳ፣ የእሱ የቱ ይቀመጥ? እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቤት አስታውሶ ነው የሚመርጠው። ሲለያዩ ያንኑ መደርደሪያ እናገኘዋለን፤ አሁን የእሱን እያነሳን ማሸግ ነው። ያው የጣት እንቅስቃሴ ነው፤ ክብደቱ ግን ሌላ።

በ2021 የወጣው «ቢፎር ዩር አይስ» ጣትንም ከሞላ ጎደል ተወው። በኮምፒዩተሩ ካሜራ የተጫዋቹን ዐይን ያያል። አንድ የሞተ ሰው ሕይወቱን ወደ ኋላ ይመለከታል፤ እኛ ዐይናችንን በጨፈንን ቁጥር ጊዜው ዘሎ ይሄዳል። እናት ፒያኖ አጠገብ ተቀምጣ ስታወራ፣ ንግግሯ ሳያልቅ፣ ዐይን ያቃጥላል፣ ይነባል፣ ይርገበገባል፤ ያ ቀን አለፈ፤ አይመለስም። ሰው ዐይኑን ላለመጨፈን የሚታገለው ለማሸነፍ ብሎ አይደለም፤ ትንሽ ትቆይ ብሎ ነው። ያለቀሰ ሰው ደግሞ ዐይኑን ይጨፍናል፤ ሐዘኑ ራሱ ጊዜውን ያስሮጥበታል። ሥራው የተጀመረው በካሊፎርኒያ ባሉ ተማሪዎች ነው።

«ዋት ሪሜንስ ኦቭ ኢዲት ፊንች» (2017) ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ አጭር ለማለት ያስቸግራል፤ ውስጡ ያለው የሉዊስ ታሪክ ግን ብቻውን ሙሉ ሥራ ነው። ሉዊስ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። አንዱ እጃችን ዓሣ ያነሳል፣ ወደ መቁረጫው ያስጠጋል፣ ይገፋል፤ ያነሳል፣ ያስጠጋል፣ ይገፋል። በሌላው እጅ በሐሳቡ የፈጠረውን መንግሥት እንመራለን። ሕልሙ መጀመሪያ በስክሪኑ ጥግ ነው፤ እየሰፋ ፋብሪካውን ይሸፍነዋል። ዓሣ የምትቆርጠው እጅ ግን አታቆምም፤ ለምዳዋለች። የፋብሪካ ሠራተኛ ሐሳቡ የት እንደሚሄድ ሊነግረን የሚችል ልቦለድ አለ፤ ሐሳብና እጅ ሲለያዩ በራሳችን ሁለት እጅ ላይ ማሳየት የቻለ ግን ሌላ አላጋጠመኝም።

ስለ «ዛት ድራገን፣ ካንሰር» መጻፍ ይከብደኛል። አሜሪካዊው ራየን ግሪንና ባለቤቱ ኤሚ ልጃቸው ጆኤል በካንሰር ታሞ ሳለ የጀመሩት ነው። ልጁ በ2014 በአምስት ዓመቱ አረፈ፤ ጌሙ በ2016 ወጣ። አንድ ክፍል አለ፦ ሌሊት፣ ሆስፒታል፣ አባትና የሚያለቅስ ልጅ። ልጁ ጠምቶታል፣ የሰጡትን መጠጥ ግን ሆዱ አይዝለትም። ማቀፍ ይቻላል፤ ያለቅሳል። ማጠጣት ይቻላል፤ ያስመልሰዋል። መንጎራደድ ይቻላል፤ ያለቅሳል። ቁልፎቹ ሁሉ ይሠራሉ፣ አንዱም አይረዳም። መጨረሻ አባትየው ይጸልያል፣ ልጁም ጸጥ ይላል። ይህ ሌሊት በእውነት የሆነ ነው፤ ጌሙ የተፀነሰውም ከዚያ ነው። በሕፃን አልጋ አጠገብ ያደረ ወላጅ አቅመ ቢስነት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ያላደረው በዚህች ክፍል ውስጥ በጥቂቱ ይቀምሰዋል።

ይህ ሥራ የዘርፉን የኪስ ችግርም ገላልጦ አሳየ። ሰዎች ጌሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተጫወቱ በዩቲዩብ ለቀቁት፤ በሚሊዮን ጊዜ ታየ፣ ተለቀሰበት፤ ግዢው ግን ቀጭን ነበር፤ ግሪንም በይፋ ጽፎ ቅሬታውን ገለጸ። ተጫዋቹ ብዙ የማያደርግበት ሥራ ሲሆን ማየትና መጫወት ይቀራረባሉ፤ ሌላ ሰው ሲጫወት ያየ ሰው ታሪኩን እንዳገኘ ይቆጥራል። በዚያ ላይ ትልቁ የጌም ገበያ ስቲም ከ2015 ጀምሮ ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወተ ገዢ ገንዘቡን እንዲያስመልስ ይፈቅዳል። ለገዢ ፍትሐዊ ነው፤ ዘጠና ደቂቃ ላይ ለሚያልቅ ሥራ ግን ጨርሶ፣ ወድዶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ የሚሄድ ሰው ማለት ነው። በ2021 «ሰመር ኦቭ 58» የተባለውን አጭር ጌም የሠራው ባለሙያ በዚሁ ምክንያት ሥራውን እንደሚያቆም አስታውቋል። «ዘ ግሬቭያርድ»ን የሠሩት በቤልጂየም ይሠሩ የነበሩት ባልና ሚስት ኦሪያ ሃርቪና ሚካኤል ሳሚንም በ2015 ያወጡት «ሰንሴት» ከአራት ሺህ ብዙም ያላለፈ ቅጂ ቢሸጥ ለገበያ ጌም መሥራት አቆሙ። ለዘርፉ ከባድ ጉዳት ነው የምለው።

ለእኛ ሰው በጣም የሚቀርበው ግን «በሪ ሚ፣ ማይ ላቭ» ይመስለኛል። በ2017 በፈረንሳይ ቡድን ተሠርቶ ለስልክ የወጣ ነው። ኑር የምትባል ሶሪያዊት ወደ አውሮፓ ትሰደዳለች፤ ተጫዋቹ ቤት የቀረው ባሏ ማጅድ ነው። ያለው ነገር የጽሑፍ መልእክት ብቻ ነው፤ በየስልካችን ከምናየው የተለየ አይደለም። «ከደላላው ጋር ልሂድ ወይስ ልጠብቅ?» የመሰለ ነገር ትጠይቃለች፣ ምክር እንሰጣለን። ከዚያ ትጠፋለች። ጌሙ ሰዓቱን እንደ እውነተኛው ሰዓት ነው የሚቆጥረው፤ ጀልባ ላይ ከሆነች ለሰዓታት ድምፅዋ ላይሰማ ይችላል። ስልኩ ኪስ ውስጥ ሲነዝር ልብ ይደነግጣል። መነሻው አንዲት ሶሪያዊት ከቤተሰቧ ጋር የተጻጻፈችው፣ «ለሞንድ» የተባለው ጋዜጣ ያሳተመው እውነተኛ መልእክት ነው። ርዕሱ «ከእኔ በፊት እንዳትሞቺ» ለማለት ከሚነገር የዐረብኛ ስንብት የተወሰደ ነው። የእኛም እናቶች ልጃቸውን «ቅበረኝ» ይሉ የለ?

በሊቢያ በረሃ ወይም በየመን ባሕር ላይ ዘመድ ያለው፣ ከሪያድ ወይም ከቤይሩት አንዲት መልእክት የሚጠብቅ ቤት በአገራችን ስንት እንደሆነ መቁጠር አያሻም። ስልኩን ዐሥር ጊዜ አንሥቶ የሚያይ ሰው ይህን ጌም ከማንም በላይ ያውቀዋል። ግን በአማርኛ የለም። በአማርኛ ያሉን ጌሞች ጥቂት ናቸው፤ የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ የሠራው «ኩኩሉ» ከሯጮቹ ወገን ነው፦ ዶሮ ታመልጣለች፣ ጣት ይፈጥናል፣ ልጆች ይስቃሉ። እሰየው። ቁጭ ብሎ የሚያወጋው ወገን ግን ጸሐፊውን ይጠብቃል። የሚጠይቀውም ገንዘብ አይደለም። ክሪስ ክሊማስ በ2009 ያወጣው ትዋይን በነፃ የሚገኝ፣ ፕሮግራም መጻፍ ለማያውቅ ሰው የተሠራ መሣሪያ ነው፤ አንቀጽ ይጻፋል፣ ቃል ከቃል ጋር ይያያዛል፣ ሥራው በማንኛውም ብራውዘር ይከፈታል። ፊደላችንን ይቀበላል፤ ሞክሬዋለሁ። አጭር ልቦለድ የሚጽፍ ሰው አንድ ቅዳሜ ቢሰጠው ይበቃዋል።

ስለ «ዘ ግሬቭያርድ» አንድ ነገር ሳልናገር ቀረሁ። ሲወጣ፣ በ2008፣ ሁለት ዓይነት ነበር፤ ነፃው እና የአምስት ዶላሩ። ሥዕሉ ያው፣ መንገዱ ያው፣ ዘፈኑም ያው ነው። የአምስት ዶላሩ የሚጨምረው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ አሮጊቷ ልትሞት ትችላለች። ለእናቴ ያሳየኋት ነፃውን ነበር። ሌላውን በኋላ ገዝቼ ሌሊት ብቻዬን ተጫወትኩት። ሁለት ጊዜ ተመልሳ ሄደች። በሦስተኛው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች፣ ዘፈኑ ሳያልቅ፣ አንገቷ ዘንበል አለ። ቁልፉን ተጫንኩ፤ አልተነሳችም። ዝም ብዬ ወፎቹን ሰማሁ።

ከሳምንት በኋላ እናቴ ቡና እየቆላች «ያቺ ሴትዮ እንዴት ሆነች?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ቤቷ ገባች» አልኳት።